ሚዛን ላይ የወጣው አፈር

"ውሃ አልገዛም" አለኝ ቁራሌው። እጄ ላይ ያለው አሮጌ የመኪና ባትሪ ነው፣ ውሃ የሚለው ደግሞ ውስጡ ያለውን አሲድ ነው። ሚዛኑን አስቀምጦ ቁጢጥ ብሎ "ወንድሜ መጀመሪያ ድፋውና አምጣው፣ እኔ የምገዛው እርሳሱን ነው" ሲለኝ፣ ያኔ ሶላርና ኢንቨርተር መግጠም ከጀመርኩ ሁለት አመት አልሞላኝም፣ ነገሩ ልክ መስሎኝ ባትሪውን ተሸክሜ ቱቦው ጋ ሄጄ ገለበጥኩት። የቱቦው ጠርዝ ሲሚንቶ ስለነበር አሲዱ ሲነካው ቡልቅ ቡልቅ እያለ አረፋ አወጣ፣ ሱሪዬ ላይ የተፈናጠቀው ግን ለጊዜው ምንም አልመሰለኝም፣ ሲታጠብ ነው ወንፊት ሆኖ የወጣው። ተመልሼ ሚዛን ላይ አወጣሁት፣ ተመዘነ፣ ብሬን ተቀበልኩ፣ በቃ።

ይቺን መጀመሪያ ያመጣኋት አሁን የማወራው ጉዳይ ሴኔጋል ውስጥ የሆነ ቢሆንም አነሳሱ እንደዚሁ ሚዛን ስለሆነ ነው። ጉዳዩን ያነበብኩት ሌላ ነገር ስፈልግ በአጋጣሚ ነው፣ አንብቤ ስጨርስ ያ አረፋ ነው ፊቴ ላይ ድቅን ያለው። (አመተ ምህረቱ ሁሉ የፈረንጅ ነው፣ የኛ ሲሆን እናገራለሁ።)

ቦታው ቲያሮይ ሱር ሜር ይባላል፣ ዳካር ዳርቻ ባህሩ አጠገብ ያለ የአሳ አጥማጆች ሰፈር ነው፣ ሰፈሩ ውስጥ ደግሞ ንጋኝ ጃው የምትባል መንደር አለች። አሳ አጥማጅ ባለበት እርሳስ ይፈለጋል፣ መረቡ ወደ ታች እንዲሰጥም ጠርዙ ላይ የሚታሰረው ክብደት ከእርሳስ ነው የሚሰራው። እኛ ጋ እርሳስ ሲባል ቀድሞ የሚመጣልን የተማሪው እርሳስ ነው፣ የሚገርመው እሱ ውስጥ እርሳስ የሚባል ነገር የለም፣ ግራፋይት ነው፣ ልጁ እርሳሱን ሲያኝክ የሚጮህ ወላጅ ግቢው ውስጥ የተቆለለ አሮጌ ባትሪ ሲያይ ምንም አይመስለውም። ወደ ነገሬ ልመለስና፣ እርሳስ በርካሽ የሚገኘው ከአሮጌ ባትሪ ነው፣ የሚቀልጠውም በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሆነ ፋብሪካ አያስፈልገውም፣ ከሰልና አንድ ድስት ይበቃዋል። ንጋኝ ጃው ውስጥ ከ1995 ጀምሮ ይሄ ስራ ሲሰራ ነበር፣ ባትሪ ይመጣል፣ ይሰበራል፣ እርሳሱ ይቀልጣል፣ ይሸጣል።

እዚህ ጋ ባትሪ ከፍቶ ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ላስረዳ፣ ምክንያቱም ጠቅላላ ጉዳዩ እሷ ላይ ነው ያለው። የመኪና ባትሪ ስትመዝነው ከግማሹ በላይ እርሳስ ነው፣ ግን ውስጡ ያለው እርሳስ አንድ አይነት አይደለም። ፍርግርግ የሚመስል ጠንካራ ብረት አለ፣ እሱ በእጅ ይለቀማል። ፍርግርጉ ላይ የተለሰነው ደግሞ የደረቀ ጭቃ ነው የሚመስለው፣ በፖዘቲቩ በኩል ቡናማ በነጌቲቩ በኩል ግራጫ፣ ስትነካው ይፈረፈራል፣ ሲደርቅ እንደ ዱቄት ይቦናል። መሬት ላይ በመጥረቢያ ባትሪ የሚፈልጥ ሰው ብረቱን ለቅሞ ይሄዳል፣ ጭቃው እዛው ይቀራል። አሲዱም ሲደፋ ብቻውን አይሄድም፣ ከባትሪው ስር የተጠራቀመውን ዝቃጭ ይዞ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ እኔ ቱቦ ውስጥ "ውሃ" ስደፋ የደፋሁት እርሳስም ነበር። አሲድ እንኳን ይዋል ይደር እንጂ አፈሩ ወይ ዝናቡ ያከሽፈዋል፣ እርሳስ ግን የትም አይሄድም፣ አይበሰብስም አይተንም፣ የጣልከው ቦታ ከአስር አመት በኋላ ብትመለስ ይጠብቅሃል።

ንጋኝ ጃው ውስጥ ይሄ ጭቃ አስራ ምናምን አመት አሸዋው ላይ ተጠራቀመ። ያ ሁሉ አመት ሰዉ ጤነኛ ነበር ማለት አይደለም፣ ግን ልጆች እየተከታተሉ የሞቱበት ጊዜ አልነበረም። የተለወጠው ዋጋ ነው። በ2003 መጀመሪያ አካባቢ የአንድ ቶን እርሳስ የአለም ዋጋ ከ500 ዶላር አይበልጥም ነበር፣ በ2007 ጥቅምት ላይ ወደ 4000 ዶላር ተጠጋ፣ አብዛኛው አዲስ እርሳስ ባትሪ ውስጥ ነው የሚገባው፣ ቻይና ውስጥ ደግሞ መኪናውም ኤሌክትሪክ ብስክሌቱም እየበዛ ነበር። ዋጋው እንዲህ ሲሰቀል ድሮ ማንም ዞር ብሎ የማያየው አሸዋ ገንዘብ ሆነ። ገዢ መጣ፣ አሸዋው ውስጥ ያለውን እርሳስ አምጡልኝ አለ፣ ሰዉ ይቆፍር ጀመር።

አሰራሩን አስቡት። አሸዋውን በወንፊት ትነፋለህ፣ ደቃቁ ይወርዳል፣ ከበድ ከበድ ያለው የእርሳስ ቁራጭ ከላይ ይቀራል፣ እሱን በከረጢት ታጠራቅማለህ። ብዙዎቹ ነፊዎች ሴቶች ናቸው፣ ልጅ ያላት ልጇን ይዛ ነው የምትውለው፣ ወይ ታዝለዋለች ወይ አጠገቧ አሸዋው ላይ ተቀምጦ ይጫወታል። ዱቄት ስትነፋ የኖረች እናት ሁሉ ታውቀዋለች፣ ወንፊቱ በተመታ ቁጥር የሚቦነው ብናኝ ፀጉር ላይ፣ ቅንድብ ላይ፣ ነጠላ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ማታ እቤት ስትገባ ይዛው ትገባለች። እዚህ ግን ወንፊቱን አልፎ የሚቦነው ያ የባትሪ ጭቃ ነው። ከዛ ብሶ ደግሞ አፈሩ በከረጢት ቤት ውስጥ ይቀመጥ ነበር፣ ቤት ውስጥም ይነፋ ነበር። ማለትም ሰው የሚተኛበት ክፍል ውስጥ።

ከ2007 ህዳር እስከ 2008 መጋቢት ባለው ጊዜ 18 ህፃናት ሞቱ። ከልጆቹ በፊት እንስሳት እንደሞቱ በወቅቱ ተዘግቧል፣ ፍየሎችና ዶሮዎች። የልጆቹ በሽታ ፈጣን ነበር፣ ያስታውካል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ራስን ያስታል፣ ከዛ ያበቃል። እንዲህ አይነት ነገር አፍሪካ ውስጥ ሲታይ ሃኪሙ ቀድሞ የሚያስበው የጭንቅላት ወባ ወይ ማጅራት ገትር ነው፣ ሊፈረድበትም አይገባም፣ ምልክቱ አንድ ነው። ሰፈሩ ውስጥ ደግሞ እርግማን ነው ያሉ ነበሩ፣ አንድ ቤት ልጅ ሞቶ ቀጥሎ እዛው ቤት ሌላ ልጅ ሲታመም፣ ጎረቤት ቤት ደግሞ ሌላ ሲሞት፣ እኛ ሰፈርስ ቢሆን ምን ነበር የምንለው? ጠበል ነው የምንሄደው፣ እውነቱን እናውራ።

እርሳስ ተጠርጥሮ ደም ሲመረመር ነገሩ ገሃድ ወጣ፣ በ2008 ሰኔ ላይም የአለም ጤና ድርጅት ቡድን መጣ። አስከሬን መመርመር ስላልተቻለ መርማሪዎቹ የሄዱት በህይወት ወዳሉት ነው። 81 ሰው መረመሩ፣ ከነዚህ 32ቱ የሞቱት ልጆች ወንድምና እህቶች ናቸው፣ 23ቱ እናቶች፣ የቀሩት 18 ልጆችና 8 አዋቂዎች ደግሞ እዛው አካባቢ የሚኖሩ። ከ81ዱ ውስጥ በእርሳስ ያልተመረዘ አንድ ሰው አልተገኘም። አንድ።

ቁጥሮቹን ሳያቸው መጀመሪያ የፊደል ስህተት መስሎኝ ነበር። የ50ዎቹ ልጆች ደም ውስጥ ያለው የእርሳስ መጠን በዴሲሊትር ከ39.8 እስከ 613.9 ማይክሮግራም ነበር፣ አማካዩ 129.5። ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ፣ የአለም ጤና ድርጅት በኋላ በ2021 ባወጣው መመሪያ ህፃን ልጅ ላይ 45 እና ከዛ በላይ ሲገኝ እርሳሱን ከደም የሚያወጣ መድሃኒት ይሰጠው ይላል፣ 5 ሲሆን ደግሞ ከየት እንደመጣ ይፈለግ ይላል። ከሁሉም የተሻለው ልጅ 39.8 ነው እንግዲህ። 17ቱ ልጆች ከባድ የነርቭና የአንጎል ጉዳት ምልክት ነበራቸው። አፈሩስ፣ ቤት ውስጥ ባንድ ኪሎ እስከ 14 ግራም እርሳስ ተገኘ፣ ውጪ ደግሞ እስከ 302 ግራም፣ ማለትም ካንድ ኪሎ አፈር ሲሶ ለመሙላት ትንሽ የቀረው እርሳስ ነው። ያኔ አሜሪካኖቹ ልጆች ለሚጫወቱበት አፈር ያስቀመጡት ጣሪያ 400 ሚሊግራም ነበር፣ አካፍሉት፣ 755 እጥፍ ነው። መርማሪዎቹ የ18ቱ ልጆች ሞት፣ ሁሉም ባይሆን አብዛኛው፣ እርሳስ አንጎል ላይ ባደረሰው ጉዳት ነው የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሱ፣ በዛ የተበከለ ቦታ ይኖራል ተብሎ የተገመተው 950 ሰውም አብዛኛው ሳይመረዝ አይቀርም አሉ።

ለምን ልጆቹ? እናቶቹ ናቸው እኮ ቀኑን ሙሉ ሲነፉ የሚውሉት። አንደኛ ልጅ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል፣ አሸዋ ላይ ከተቀመጠ አሸዋውን ይበላል። ሁለተኛ ደግሞ አዋቂ ሰው የዋጠው እርሳስ አስር በመቶ አካባቢ ነው ሰውነቱ ውስጥ የሚቀረው፣ ህፃን ላይ እስከ ግማሽ ድረስ ይገባል። ሰውነት እርሳስን ከካልሲየም ስለማይለይ አጥንት ውስጥ ያከማቸዋል፣ እዛ ለአስርት አመታት ይቀመጣል፣ ሴቷ ስታረግዝ ከአጥንቷ ወጥቶ ወደ ፅንሱ ያልፋል። ይሄኛው በጣም ነው የሚያስፈራኝ፣ ዛሬ ባትሪ የምትለቅም የ15 አመት ልጅ ከአስር አመት በኋላ የሚወለደውን ልጇን ነው የምትመርዘው፣ ያኔ ባትሪ የሚባል ነገር አጠገቧ ላይኖር ይችላል።

ህክምናው ላይ የነበረው ችግር ደግሞ ሌላ ነው። መድሃኒቱ አለ፣ እርሳሱን ይዞ በሽንት ያስወጣል፣ ግን ልጁን አክመህ ወደዛው ቤት ብትመልሰው መልሰህ ከአፈሩ ጋር ነው የምታገናኘው፣ ስለዚህ ቤቱ ሳይፀዳ ህክምና ዋጋ የለውም። መንግስት ስራውን አስቆመ፣ አፈር ተነስቶ ተወሰደ፣ ቤቶች ውስጣቸው ተጠረገ ታጠበ፣ ያኔ ብላክስሚዝ ኢንስቲትዩት ይባል የነበረው ኋላ ፒዩር ኧርዝ የተባለው ድርጅትም ፅዳቱ ላይ ገባበት። መጥረግ ስል በመጥረጊያ እንዳይመስላችሁ፣ በደረቁ መጥረግ ብናኙን መልሶ ያስነሳዋል፣ በእርጥቡ ነው ወይ ብናኝ በሚይዝ ማሽን ነው የሚፀዳው።

እኔ ይሄን ጉዳይ ሳየው ክፉ ሰው ፈልጌ አጣሁ። የመኪናው ባለቤት አሮጌ ባትሪ ሸጠ። ሰብሳቢው ለእርሳሱ ብቻ ከፈለ። ሰባሪው የሚሸጠውን ወሰደ የማይሸጠውን ጣለ። አቅላጩ አቀለጠ፣ ነጋዴው ኤክስፖርት አደረገ፣ ሴቶቹ ደግሞ ልጆቻቸውን ሊያበሉ ነፉ። ሁሉም የሰራው ሚዛኑ ያዘዘውን ነው፣ ሚዛኑ ደግሞ የሚያውቀው የብረቱን ክብደት ብቻ ነው፣ አሲዱንና ጭቃውን ማንም ስለማይከፍልበት ማንም አልያዘውም። ጭቃው ዋጋ ያወጣ ቀን ግን ልጆቹ ከነጭቃው ተገኙ።

ህግ ስላልነበረ ነው የሚል ካለ ህግ ነበር። ሴኔጋል አደገኛ ቆሻሻ ከአገር አገር ሲጓጓዝ የሚቆጣጠረው የባዝል ስምምነት አባል ናት፣ እኛም አባል ነን፣ እዛ ስምምነት ላይ ያለቀ የእርሳስ ባትሪ አደገኛ ቆሻሻ ተብሎ ተመዝግቧል። እኛ ጋ የራሳችን የአደገኛ ቆሻሻ አዋጅም አለ፣ ቁጥር 1090/2010 (ይሄኛው በኛ አቆጣጠር ነው)። ቁራሌው ግን አዋጅ አያነብም፣ እኔም ያኔ አላነበብኩም። ፋብሪካ ይግባበት የሚል መልስ ደግሞ ብቻውን አያስኬድም፣ ሞምባሳ ኬንያ ኦዊኖ ኡሁሩ የሚባለው ሰፈር አጠገብ የነበረው ባትሪ የሚያቀልጥ የተመዘገበ ፋብሪካ ነበር፣ ሰፈሩን መርዞ በ2014 ተዘጋ፣ ፍርድ ቤት በ2020 ለነዋሪዎቹ 1.3 ቢሊዮን ሽልንግ ፈረደላቸው፣ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሽሮት ቆይቶ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2024 መጨረሻ ላይ መልሶ አፀናው። ካሳው ላይ የመንግስት መስሪያ ቤቶችም ድርሻ ነበረባቸው።

እሺ አንተ ምን አደረግክ ለሚለኝ፣ እኛ የምንሰራው ትንሽ ነው፣ ሁለት ልጆች አሉኝ አብረውኝ የሚሰሩ፣ የምንነካው ባትሪ ግን ብዙ ነው። መጀመሪያ የተለወጠው አንድ ነገር ነው፣ አሲድ አይደፋም፣ በምንም ምክንያት። ከደንበኛ ያነሳነው አሮጌ ባትሪ ከነአሲዱ ከነክዳኑ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፣ ከነአሲዱ የሚረከብ ሰው እስክናገኝ ወራት ፈጅቶብናል፣ ያ ሁሉ ባትሪ ጣራ ስር ሲሚንቶ ላይ በላስቲክ ሳህን ተደርድሮ ሲጠብቅ አከራዬ ሊያስወጡኝ ነበር። "አንተ ልጅ ይሄን ቆሻሻ መቼ ነው የምትጥለው?" እያሉ በር ላይ ይጠብቁኛል፣ "እትዬ ይሄ እኮ አይጣልም" ስላቸው ደግሞ ወርቅ የደበቅኩ መስሏቸው ይስቃሉ።

ስንጭን ፒካፕ ላይ ነው፣ ሰው ያለበት ጋቢና ውስጥ ወይ ሚኒባስ ወንበር ስር አይገባም። ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ከሁለት ረድፍ በላይ አይደረብም፣ በመሃል ወፍራም ካርቶን ይገባል ምክንያቱም የላይኛው ባትሪ ክብደት የታችኛውን ጫፎች ሊያገናኝ ይችላል። ጫፎቹ በፕላስተር ይሸፈናሉ። "ያለቀ ባትሪ ምን ያረጋል" የሚል ሰው ካለ፣ መኪና ለማስነሳት ያቃተው ባትሪ ቁልፍ ለማቅለጥ የሚበቃ ጉልበት አለው፣ አንዱ ልጅ በ13 ቁልፍ ፖዘቲቩን ሲፈታ የቁልፉ ጭራ ቦዲውን ነክቶ እዛው ተበየደ፣ ቀለበት አድርጎ ቢሆን ኖሮ ጣቱ ነበር የሚሄደው፣ ከዛን ቀን ጀምሮ ነጌቲቩ ነው ቀድሞ የሚፈታው፣ ቀለበትና ሰአትም ይወልቃል። የተሰነጠቀ ባትሪ ካለ ከሌላው ጋር አይጫንም፣ ለብቻው ሰፊ የፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ ነው። መኪናው ላይ ሁልጊዜ ሁለት ነገር አለ፣ አንድ ፓኮ ቤኪንግ ሶዳና አንድ ጄሪካን ንፁህ ውሃ፣ ሶዳው መሬት ላይ ለፈሰሰ አሲድ ነው፣ ውሃው ለአይን ነው፣ አይን ውስጥ ከገባ ሳያቋርጡ ሩብ ሰአትና ከዛ በላይ እያጠቡ ወደ ሃኪም ነው።

ቻርጅ የምናደርግበት ክፍል መስኮት ተከፍቶ ነው የሚያድረው፣ ሃይድሮጅን ይወጣል፣ አየሩ ውስጥ 4 በመቶ ከደረሰ ብልጭታ ይበቃዋል። ይሄንን ብዙ ሰው ያውቃል ስለዚህ አላስረዝመውም። ብዙ ሰው የማያውቀው ልብሱን ነው። ልጆቹን የስራ ልብስ እዚሁ አውልቁ፣ እዚሁ ይታጠባል፣ እጃችሁን ሳትታጠቡ እንጀራ አትቁረሱ ስላቸው መጀመሪያ ሳቁብኝ፣ አንደኛው ሚስቱ አራስ ናት፣ የሴኔጋሉን ነገር ቁጭ ብዬ ነገርኩት፣ ወንፊቱን፣ እናቶቹን፣ 32ቱን ወንድምና እህት። ምንም አልመለሰልኝም፣ በነጋታው ከቤቱ ቅያሪ ልብስ በፌስታል ይዞ መጣ።

ቁራሌውም አሁንም ይመጣል፣ ያው ሰውዬ ነው፣ ፀጉሩ ትንሽ ሸብቷል። ባለፈው ወር ከአንድ ደንበኛ ቤት ግቢ በር ላይ ተገናኘን፣ እሱ ሚዛኑን ይዞ እኔ የደንበኛውን አራት አሮጌ ባትሪ ፒካፕ ላይ እየጫንኩ። "ስንት ገዛሃቸው?" አለኝ፣ በፍሬ ነው የገዛሁት አልኩት፣ ዋጋውን ነገርኩት፣ አንዱን በእጁ ከፍ አድርጎ ወዝወዝ ሲያደርገው ውስጡ ተንቦጫቦጨ።

"ከነውሃው?" አለ።

"ከነውሃው።"

"እና እኔ ከነውሃው ባመጣልህ?"

"በዚሁ ዋጋ እወስድሃለሁ፣ ግን ከጎደለ አልወስድም" አልኩት። ባትሪውን ቀስ አድርጎ ቀጥ አድርጎ አስቀመጠውና ስልክ ቁጥሬን ጠየቀኝ።